አመድ የመሰለው እጄ

ከጎንደር ወደ እስራኤል የወጣን ዕለት ማታ፣ አውቶቡሱ የምኵራባችን ግቢ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀን እናቴ አላለቀሰችም። የሰው እናት ሁሉ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ የእኔዋ ጋቢዋን ተከናንባ ትእዛዝ ትሰጣለች። «ልጅቱን ከመስኮቱ አርቃት፣ ብርድ ይመታታል። ወርቄን አትቆጣት፣ አገሩ ለእሷም አዲስ ነው። ደግሞ አውሮፕላኑ ላይ የሰጡህን ሁሉ ዝም ብለህ አትብላ።» ወርቄ ሚስቴ ናት፤ ልጃችን ትጓደድ ያኔ ገና ግድግዳ ይዛ መራመድ መጀመሯ ነበር። በተጓዦች ዝርዝር ላይ የእኛ ስም ሲወጣ የእናቴ ስም አልወጣም። ለምን ብለን ብንጠይቅ «የእሷ ፋይል ለብቻ ነው የሚታየው፣ ተከትላችሁ ትመጣለች» አሉን። ይኸው እስካሁን በመከተል ላይ ነች።

ጎንደር ሆናችሁ ተራ የምትጠብቁ፣ እናንተም ደርሳችሁ መርከዝ ክሊታ በሚሉት የአዲስ ገቢዎች ማረፊያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደረቅ ቆዳ ነው። አትሳቁ። ደረቅ ቆዳ ከገዛ ቤቴ አስወጥቶኛል።

ከመርከዝ ክሊታው ወጥተን ቂርያት ማላኪ ከተማ ቤት ስንከራይ መጀመሪያ የወደድኩት ሙቅ ውኃውን ነው። ጎንደር ገላ መታጠብ ማለት ጀሪካን ተሸክሞ፣ በጣሳ እየቀዱ፣ ብርዱ ሳይቀድም ጨርሶ መውጣት ነው። እዚህ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ዱድ የሚሉት የውኃ በርሜል ጣሪያው ላይ ይሞቃል፣ ከዚያ ቆመህ እስኪበቃህ ይወርድብሃል። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ እንፋሎት። ሌሊት ደግሞ ማዝጋን የሚሉት መሣሪያ ሙቅ አየር እየተፋብን እናድራለን። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «እንግዲያው ገነት ገብታችኋል» አለችኝ።

ሥራ ያገኘሁት ጋን ያቭኔ አጠገብ ካለ የአትክልት ማሸጊያ ነው። ካሮትና ሰላጣ እናጥባለን፤ ፈረቃው ሲያልቅ ወለሉንና ጠረጴዛውን በበረኪና እናጥባለን። እጄ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውል እጅ ይደርቃል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

መጀመሪያ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ነጣ። ቀጥሎ ቅልጥሜ፣ በጥፍር ጫር ሳደርገው በጠመኔ እንደተጻፈበት መስመር ያወጣል። ማታ ማታ ያሳክከኛል፣ አካለሁ፣ አንሶላው ላይ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጣቶቼ ጫፍ ተሰነጣጠቀ፣ ካሮቱ ሲነካው ያቃጥለኛል። ተረከዜም ልክ ውኃ እንዳጣ ማሳ ተሰንጥቆ ካልሲ ይይዝብኝ ጀመር። የሥራ ጓደኞቼ የአገሬ ልጆች «አመዳም፣ ቅባት ጠፋ እንዴ?» ብለው ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴ ግን ሌላ ነገር ይላል።

ምን እንደሚል ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ ከሰፈራችን ዳር ሥጋ ደዌ የያዛቸው አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ምግባቸውን ሰው ቅርጫት ውስጥ አድርጎ ከዛፍ ሥር አስቀምጦላቸው ዞር ይላል። የተቀመጡበትን ድንጋይ ከነካን እንገረፍ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፣ ከሩቅ ይመርቁናል። የእሳቸው ቆዳም ሲጀምራቸው ነጣ ነጣ ብሎ ነበር ይባላል። ትልልቆቹ «የማይሰማ ቆዳ የደዌ ቆዳ ነው፣ መርፌ ወግተህ እየው» ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት።

አንድ ቀን ወርቄ ልጅቱን ይዛ ወደ ገበያ ስትወጣ የስፌት መርፌዋን አነሣሁና ተረከዜን ወጋሁት። ምንም አልተሰማኝም። ጠለቅ አድርጌ ወጋሁት። አሁንም ምንም። መርፌውን ምን ላድርገው? ወርቄ ልብስ ልትሰፋበት ነው! በወረቀት ጠቅልዬ ታች ድረስ ወርጄ የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ምኵራብ ስንገባ የሳምንቱ ንባብ ስለ ለምጽ ሆኖ ቆየኝ። ረቢው በዕብራይስጥ ያስረዳሉ፣ አንድ የእኛ ወጣት በአማርኛ ይመልሳል። ቆዳው ላይ ነጭ ነገር የወጣበት ሰው ካህን ፊት ቀርቦ ይታያል፣ ከተረጋገጠበትም ከሰፈር ወጥቶ ብቻውን ይቀመጣል አለ። ረቢው ቀጥለው ትምህርቱ ስለ ሐሜት ነው፣ ስለ ምላስ ነው አሉ መሰለኝ፤ እኔ ግን «ከሰፈር ወጥቶ» ከሚለው ወዲያ ጆሮዬ ተዘግቷል። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ጸሎቱን ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲያ ያጥበው መስሎኝ ገላዬን መፈተግ ሆነ ሥራዬ። ስነቃ እታጠባለሁ፣ ከሥራ ስገባ እታጠባለሁ፣ ልተኛ ስል እታጠባለሁ፤ በፈላ ውኃ፣ በልብስ ሳሙና፣ በሸካራ ስፖንጅ። የቤቱ ባለቤት ከእኛ ሥር ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር አዛውንት ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዘኝ።

«ያላ፣ ንገረኝ፣ እዚያ ቤት ስንት ሰው ነው የምትኖሩት?»

«ሦስት ነን።»

«ዱዱ ግን ለሠላሳ ሰው ነው የሚሠራው። ሠርግ አላችሁ?»

«እኔ ነኝ፣ እታጠባለሁ።»

«እኔም እታጠባለሁ! ሰው ይታጠባል፣ ከዚያ ይወጣል። አንተ ዓሣ ነህ?»

ባልተፈታ ዕብራይስጤ «ንጹሕ መሆን እፈልጋለሁ» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ቆሻሻ ነህ ያለህ ሰው አለ? ማነው? ንገረኝ፣ ልብሴን ለብሼ እሄድበታለሁ።»

«ማንም አላለኝም።»

«ቤሰደር፣ እሺ። እንግዲያው ዱዱን አጥፋ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ትጓደድን ማቀፍ ቀስ በቀስ እየተውኩ ነበር። ስገባ ሮጣ ትመጣለች፣ «ቆይ፣ አባ ልብሱ ቆሻሻ ነው» እላታለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ወርቄ ልጅቱን ስታለብስ «ጉንጯ ሻከረብኝ እኮ፣ ቅልጥሟም ነጣ ነጣ ብሏል። ለሕፃናት ጤና ጣቢያዋ ነርስ ባሳያት ‘አልቀላም፣ ምንም የለባትም’ አለችኝ» አለች። ቀና ብዬ አየሁ። የእኔው አመድ ልጄ ጉንጭ ላይ ተነስንሷል። እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ ነው ብዬ አመንኩ።

በማግስቱ «ፈረቃዬ ተቀይሯል፣ ያቭኔ አያ ሞላ ዘንድ ባድር ይቀርበኛል» ብያት ልብሴን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። አያ ሞላ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ከእኔ በፊት የመጣ፣ ሚስቱን ፈቶ ብቻውን የሚኖር። ከሰፈር መውጣቴ ነበር እንግዲህ። ማንም ካህን ሳያየኝ በራሴ ላይ ፈረድኩ።

አያ ሞላ ደግ ነው፣ ግን የጎንደር ሰው ነው። አንድ ትሪ አቅርቦ ና ብላ ይላል። እኔ በወረቀት ሰሐን ለብቻዬ ቆርሼ ጥግ እይዛለሁ። ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ እላለሁ። ሁለተኛው ማታ ላይ ትሪውን ገፋው።

«ምነው ወንድሜ፣ ተጸየፍከኝ?»

«ኧረ በፈጠረህ፣ አያ ሞላ! እኔ አንተን?»

«ታዲያ ከእኔ ጋር መብላት ምን ነካው? ውሻ እንኳ ጥጉን ይዞ ሲበላ ጌታውን ያያል። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ነው የምትበላው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እኔ ግን ሰሐኔን ይዤ ወደ ግድግዳዬ ዞርኩ። በማግስቱ ሥራ ስውል አያ ሞላ ለወርቄ ደወለ። «ባልሽ እዚህ ነው፣ ጤናው ግን እዚህ አይደለም» አላት።

ከሥራ ስመለስ ወርቄ ትጓደድን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። ከቂርያት ማላኪ ወጥታ ብቻዋን አውቶቡስ ቀያይራ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቋንቋውን ገና አታውቅም።

«የታለች?» አለችኝ።

«ማን?»

«ሴትየዋ።»

አያ ሞላ ከውስጥ «እዚህ ቤት ሴት ብትኖር መች እንዲህ ቆሽሾ ይታይ ነበር?» አለ። ወርቄ አልሳቀችም። ልጅቱን ከጀርባዋ አውርዳ ዘረጋችልኝ። «እንካ፣ ያዛት።» እጆቼን ወደ ላይ አነሣሁ፣ ልክ ፖሊስ እንደያዘው ሰው። «በር በተከፈተ ቁጥር አባ፣ አባ ትላለች። እኔን ብትተወኝ ግድ የለም፣ እሷ ምን አደረገችህ?» አለች።

ያኔ ነገርኳት። ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን አሳየኋት፣ የመርፌውን ነገር ነገርኳት፣ የሽማግሌውን ስም ጠራሁላት፣ ታውቃቸዋለችና። ሰምታ ስትጨርስ የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። እጄን ሳብ አድርጋ ያዘችውና «ደዌ ከሆነማ እስከ ዛሬ ይዞኛል፣ አብሬህ አይደል የምተኛው? ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ብቻህን ልትታመም ነው እኔን ባሕር ያሻገርከኝ?» አለች። አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ የተገኘው ገደራ ከተማ ነበር። ሐኪሟ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ትልቅ ሴት ናት። የምታስተረጉመው በስልክ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ድምፁን ከፍ አደረገችው፣ አንዲት የእኛ ልጅ «ሻሎም ወንድሜ፣ ምንህን ነው የሚያምህ?» አለች።

«ቆዳዬን።»

«ቤሰደር። ምን ይመስልሃል አንተ?»

ደዌ ብዬ ብናገር በማግስቱ ቂርያት ማላኪ ሁሉ ይሰማል። «እህቴ፣ ከየት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«እንደሱ መናገር አይፈቀድልኝም፣ አሱር ነው። አይዞህ፣ የምትለኝ ከእኔ አይወጣም።»

ወርቄ ትዕግሥቷ አለቀና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «ሥጋ ደዌ ይዞኛል ብሎ ነው! ጨርሺና ንገሪያት!» ብላ ጮኸች። ከስልኩ ዕብራይስጡ ተከተለ። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልራቀችም። ወንበሯን አስጠግታ ሁለት እጄን በባዶ እጇ ያዘች። ዓይንህን ጨፍን፣ ሲነካህ ንገረኝ አለች። ትንሽ ጥጥ ነበር። መዳፌ ላይ፣ «አዎ።» ክንዴ ላይ፣ «አዎ።» ነጣ ያለው ቅልጥሜ ላይ፣ «አዎ።» እንዲህ እያልኩ እንባዬ በተጨፈነው ዓይኔ ወረደ።

«መርፌውስ? ተረከዜ አልሰማም እኮ» አልኩ።

«የተረከዝህ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ደርቆ ደግሞ ይበልጥ ወፍሯል። እዚያ ጋ የማንም አይሰማም» ብላ አስተረጎመችልኝ። «ይህ ድርቀት ነው። ነጭ ሰው ላይ ይቀላል፣ እናንተ ላይ ግን አመድ ይመስላል፤ መቅላት ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልፈዋል።» ትጓደድንም አገላብጣ አየቻት። ከእኔ አልያዛትም፤ እሷን ያደረቃት የማዝጋኑ ሙቀትና ሽቶ ያለው ሳሙና ነው። የእኔንም ያባሰው መፍትሔ ያልኩት ራሱ ነው፣ የፈላው ውኃና ፍተጋው።

ያለችኝን ለእናንተም ላድርስ፣ ይጠቅማችኋልና። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፣ ቶሎ ጨርሳችሁ ውጡ። ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን። በፎጣ አትፈትጉ፣ መታ መታ አድርጉት እንጂ፤ ገላው እርጥበቱ ሳይለቀው ወፈር ያለ ቅባት ቀቡት፣ ተራው ቫዝሊን ይበቃል። በረኪና የምትነኩ ከሆነ ከጎማው ጓንት ሥር የጥጥ ጓንት አድርጉ። ቆዳው እየቆሰለ ከሄደ ወይም በዚህ ሁሉ ካልተሻለው ታዩ፣ እንደ እኔ አትደበቁ። ወንድ ልጅ ቅባት ይቀባል ወይ የምትሉ ደግሞ ተሰንጥቃችሁ ኑሩ። አያ ሞላ ሲሰማ «አመድ በዱቄት ይስቃል፣ እኔም ተረከዜን አላየሁት» ብሎ የራሱን ካልሲ አወለቀ።

እጄ ቀስ እያለ ዳነ። ፍርሃቱ ግን ቆዳን ያህል ቶሎ አይድንም፤ ዛሬም ነጣ ያለ ነገር ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ትጓደድን አጥቤ ቫዝሊኑን መዳፌ ላይ እንዳወጣሁ እናቴ በጎረቤት ስልክ ደወለች፣ በምስል። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፌ አዋራት ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልጄን እየቀባሁ፣ እምዬ።»

«ይብላኝ! ወንዱ ቅባት ቀቢ ሆኖ አረፈው?» ብላ ሳቀችና ጋቢዋን ልታስተካክል ክንዷን አነሣች። ክንዷ ከላይ እስከ ታች አመድ ለብሷል። ድሮ ቢሆን እርጅና ነው ብዬ አልፈው ነበር፣ አሁን ዓይኔ ለምዷል። ለብ ስላለው ውኃ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ሁሉም ነገርኳት።

«ይኸንንማ አላጣሁትም። የላክህልኝን ቅባት እጄ የደረሰበትን እቀባለሁ። ጀርባዬ ነው የሚያቃጥለኝ፣ እሱ ጋ አልደርስም።»

«ጎረቤት አይቀባሽም?»

«ጎረቤት ስልክ ያውሰኝ ወይስ ጀርባ ይቀባኝ?»

«ታዲያ ሲያሳክክሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«የበሩ መቃን አለ። ጠጋ ብዬ እታከካለሁ» አለች፤ አሁንም እየሳቀች ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፋይሌሳ፣ ልጄ?»

«እየታየ ነው አሉ።»

«ይሁን። እስከዚያው መቃኑ አለ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ትጓደድ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ «አባ፣ ቅባኝ» ትለኛለች።