ሐራ ማቋረጫው ላይ

የሰርግ ዳስ አጣና በአይሱዙ ጭኜ ከመርሳ ሐራ ልገባ ስል፣ ገና ባቡር ያልሄደበት ሐዲድ ጋ አንድ ሽማግሌ ቀይ ጨርቅ እያውለበለቡ አስቆሙኝ።

«ባቡር መጣ እንዴ አባባ?»

«የለም።»

«ታዲያ ልለፋ! ሰርጉ ነገ ነው፣ ዳሱ ገና አልተተከለም።»

«ባቡሩ ሥራ የጀመረ ቀን እንዳይፈጃችሁ፣ መቆም ከአሁኑ ልመዱ ብዬ ነው ልጄ።»

ዞር ስል ከኋላዬ የተሰለፉ ባጃጆች ሞተር አጥፍተው ጸጥ ብለዋል። ብቻዬን ጥሼ ማለፍ አሳፈረኝ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሐዲዱ ላይ ተክለው፣ የሌለው ባቡር ፉርጎው ተጎትቶ እስኪያልቅ ጠበቁና «በሉ፣ አለፈ» አሉን።

አመሻሽ ላይ አራግፌ ስመለስ ሽማግሌው የሉም። እግሬ ግን በራሱ ፍሬን ያዘ። ከኋላዬ ናፍጣ የጫነ ቦቴ ክላክሱን ለቀቀብኝ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ።

«ባቡር።»

ግራ ቀኙን ቃኘና እሱም ሞተሩን አጠፋ።