ቅቤ ያልነካው ራስ

እስቲ የአብዱሰመድን መደርደሪያ እዩት። ቆቦ ውስጥ ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው ስትታጠፉ ያለችው ጠባብ ሱቅ ናት። ከላይ ሳሙናና ክብሪት፣ ከመሀል የባትሪ ድንጋይ፣ ከታች የሴት ነገር። በማንኪያ እየተዛቀ በወረቀት የሚሸጥ ቫዝሊን አለ። በቢራ ጠርሙስ የተሞላ የጉሎ ዘይት አለ። በአፋር በኩል በግመል የገባ የኮኮናት ዘይትም አለ፤ ቀን ውሃ ይሆናል፣ ሌሊት ነጭ ሆኖ ይረጋል።

የሻረግ እዚህ መደርደሪያ ፊት ደጋግማ ቆማለች። የምትፈልገው ጸጉሯን የሚያስተኛ፣ የሚያበራ፣ ግን የማይሸት ነገር ነበር።

«አንቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?» አላት አብዱሰመድ አንድ ቀን። «ሴቱ ሁሉ የሚሸት አምጣ እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኛል፣ አንቺ የማይሸት ትያለሽ። ውሃ ልሽጥልሽ?»

«ውሃውን ከጎሊና ወንዝ እቀዳለሁ። ሌላ ካለህ አሳየኝ።»

«ይኸው ኮኮናት።»

ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና መለሰችለት። «ብስኩት ብስኩት ይላል። ዝንብ አስከትዬ ልዙር?»

«ወላሂ ከዝንቡ በፊት ባል ነው የሚከተልሽ!»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባ ወጣች። አብዱሰመድ ነገሩ ዘግይቶ ገባው። «አስተግፊሩላህ፣ ረስቼው እኮ ነው!» ብሎ ከኋላዋ ተጣራ።

ረስቼው! ምኑ ነው የሚረሳው? ባሏ ካሳው በሰባ ዓመተ ምህረት ከሚሊሺያው ጋር መኪና ላይ ሲጫን ከተማው በሙሉ ቆሞ እልል ብሏል። እልል ያለ አፍ እንዴት ይረሳል? ኤርትራ ሄዱ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሞተ ብሎ የላከ የለም፣ አለ ብሎ የመጣ የለም።

እንግዲህ አገራችንን ታውቋታላችሁ። የራያ ሴት ባሏ ቤት ካለ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ተደርጎ፣ ፀሐይ እያቀለጠው በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። እሷ ሳትደርስ ሽታዋ ይደርሳል። ባሏ ከሞተ ትላጫለች። ባሏ ለጠፋባት ግን የተበጀላት ራስ የለም። ብትቀባ «ለማን ነው?» ይሏታል። ሳትቀባ ጸጉሯ ደርቆ ቢንጨባረር ሐዘን ገባች ይባላል፤ ያ ማለት ካሳው ሞቷል ማለት ነው። እሷ ደግሞ ይህን ቃል በአፏም በራሷም አልናገርም ብላለች።

ጸጉሯ እስከ ወገቧ ነው። ካሳው ጎፈሬውን ሲቀባ የተረፈውን ቅቤ በእሷ አናት ላይ ይጠርግ ነበር፤ «እጄን መታጠቢያ አገኘሁ» እያለ። እሷም «ሂድ ወዲያ፣ የእኔ ራስ ፎጣ ነው?» ትለዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

እሱ ከሄደ በኋላ ሁሉንም ሞከረች። ቫዝሊኑ ለግማሽ ቀን ያበራል፣ ከዚያ የቆቦን አቧራ ሁሉ ጠርቶ አናቷ ላይ ያሰፍራል። የጉሎ ዘይቱ ከባድ ነው፣ ጸጉሩን አጣብቆ እንደ ገመድ ያደርገዋል። ኮኮናቱን አይታችኋል።

መላውን ያገኘችላት ጎረቤቷ መይሙና ናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዷ የሌላዋን ራስ ስትሠራ ያደጉ ናቸው።

«ተልባ አፍልተሽ ሞክሪው» አለቻት።

«ልጠጣው?»

«ትጠጪዋለሽ እንዴ፣ ራስሽን ነው የምልሽ! ሳትወቅጪው አፍይው። እንደ እንቁላል ውሃ ሲዝለገለግ በስስ ጨርቅ አጥልይው። ትንሽ ትንሽ ነው ታዲያ፤ ካበዛሽው ሲደርቅ እንደ ፎረፎር ይራገፋል። ካሳደርሽውም በዚህ ሙቀት ይጎመዝዛል።»

የሻረግ በቁርቁራ ቅጠል ታጠበች፤ ቅጠሉ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ጸጉሯ ሳይደርቅ መይሙና ያን ዝልግልግ ውሃ በመዳፏ እያለበሰች ጎነጎነችው። ሲደርቅ አንድ ዘለላ አልቆመም። ያበራል፣ አይሸትም። የሻረግ መስታወቱን ይዛ ራሷን በግራም በቀኝም አየች። መይሙና ከኋላዋ እንደተቀመጠች ናት። እጇ አሁንም የጓደኛዋ ትከሻ ላይ ነበር።

ለጥቂት ጊዜ በዚህ ኖረች። ከዚያ በአንዱ የገበያ ቀን ነጠላዋ ከራሷ ተንሸራተተ። የቀትር ፀሐይ ነው። ጉንጉኑ አንጸባረቀ።

«ተቀባች!» አለች አንዷ ሽንኩርት ሻጭ።

«ማን?»

«የካሳው ሚስት ናታ! አታይዋትም እንዴ? ቅቤው ሲያበራ!»

«እሰይ! ማን አቀለጠላት?»

«የጎብዬ ሹፌር ነው አሉ።»

አሉ! ማን አለ? ከአፍታ በፊት ሹፌር የሚባል ፍጡር አልነበረም። አንድ ምላስ ወለደው፣ ሌላው ጎብዬ ቤት ሠራለት፣ ሦስተኛው መኪና ገዛለት። ለማሽተት የቀረበ አንድ ሰው የለም! በዚህ አገር የሚያበራ ራስ ሁሉ ቅቤ ነው፤ አለቀ።

መይሙና እዚያው ነበረች። ጤፍ እየሰፈረች ነበር። «ተልባ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁላት» ብትል ነገሩ ይሞት ነበር። አንገቷን ደፍታ ጤፏን ሰፈረች።

ወሬው ከየሻረግ ቀድሞ ቤት ገባ። የካሳው እናት እማማ ጥሩወርቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋት። የምትኖረው በእሳቸው ግቢ ነው።

«ነይ ወዲህ» አሏት።

የሻረግ ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን አውርዳ ተንበረከከችና ራሷን ጭናቸው ላይ አደረገች። «ያሽትቱኝ፣ እማ።»

አሮጊቷ አሸተቱ። ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አሸተቱ። የሦስት ቀን ቅቤን ከሳምንት ቅቤ የሚለይ አፍንጫ ነው ያላቸው።

«ቅቤ አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«የተልባ ውሃ ነው።»

«ተልባ ለሆድ ነው።»

«ለራስም ይሆናል፣ እማ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከጸጉሯ ሳያነሱ እንባቸው መጣ።

«ቅቤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ቅቤ ቢሆን ልጄን ረሳችው እልና ብቻዬን አለቅሰው ነበር። አንቺ እንዲህ ተጎንጉነሽ ደጄ ላይ እየዞርሽ እንዴት ልቅሶ ልቀመጥ? ለቀስተኛው ሚስቱ የት አለች ሲለኝ ምን ልበል?»

«አልሞተማ!»

«አልሞተም ብሎ ማን ነገረሽ?»

«ሞተ ብሎስ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

«ጡቴ ነገረኝ።»

ከመቀነታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ምላጭ አወጡ። «ተላጪልኝ፣ ልጄ። ጸጉር ይበቅላል። እኔ ግን ሳላለቅሰው ልሞት ነው።»

የሻረግ ምላጩን አየችው። እኚህ ሴት ልጃቸውን የሚቀብሩበት መሬት የላቸውም፤ ያላቸው የእሷ አናት ብቻ ነው። ታውቃለች። እያወቀች ራሷን ነቀነቀች።

«ከተላጨሁ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እማ። አልችልም።»

«እንግዲያው ከዚህ ግቢ ውጪልኝ። አንቺን እያየሁ ማልቀስ አልችልም።»

እኔ በእማማ ጥሩወርቅ አልፈርድም። እንባ ታፍኖ ስንት ዓመት ይቀመጣል? የምፈርደው በእኛ ላይ ነው። የአንዲትን ሴት ጸጉር የሬሳ ሳጥን ያደረግነው እኛ ነን። ባሏን የወሰዱት ሰዎች «የት አደረሳችሁት?» ሲባሉ አልሰማሁም። ለዚያ ሁላችንም ምላስ የለንም። ለቅቤው ጊዜ ግን ገበያው በሙሉ ምላስ ነበር!

በማግሥቱ ድስቷንና ሰሌኗን ይዛ ስትወጣ በመይሙና ደጅ አለፈች።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አለቻት።

መይሙና በሯን ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ ነው ያናገረቻት። «ፈራሁ፣ እህቴ። አብረሽ ነበርሽ ይሉኛል። የኔ ባል ደግሞ እቤቱ ነው ያለው፤ ይሰማል።»

«የኔም ቢኖር ይሰማ ነበር» አለች የሻረግና ሄደች።

ጎረቤት ከተማ ዋጃ ወረደች። መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ መኪና በሚቆምበት ቆሎ ትሸጣለች። የወታደር መኪና ሲቆም ቆሎውን ይዛ ትጠጋለች፤ አትጠይቅም፣ ፊት ታያለች። ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ። መኪናው ሲነሳ አቧራውን ታራግፍና ትመለሳለች። ወሬው ግን ዋጃም ደርሷል። «የቆቦዋ ቅቤ» ነው የሚሏት። ሰላምታ አይነፍጓትም፣ ከሩቅ ያድሏታል። ደጇን የሚረግጥ ግን የለም።

ተልባውን አሁንም ታፈላለች። የፊቱን ጸጉር ራሷ ትሠራዋለች፣ ያምራል። የኋላው ግን እምቢ ይላታል። ጸጉር የራስ ነው፣ ማጅራቱ የሰው ነው፤ ለራሷ ማጅራት ሹሩባ የምትሠራ ሴት አልተፈጠረችም። እጇ እስኪዝል ትታገልና መሀል ላይ ትተወዋለች። ከኋላ ተንጨባሮ ይቆማል፣ ነጠላ ትጥልበታለች። ግድግዳው ማዶ ያሉት ሴቶች ማታ ማታ አንዷ የሌላዋን እየሠሩ ሲንጫጩ ሁሉም ይሰማታል። አንድ ቀን አንዷ «ቀስ፣ አመምሽኝ!» ብላ ስትስቅ የሻረግ እዚህ ማዶ ሆና እጇን ማጅራቷ ላይ አደረገች።

እናንተ በዋጃ የምታልፉ ሴቶች፣ መኪናችሁ መንገድ ዳር ሲቆም ወርዳችሁ ፈልጓት። ካሳው ይኑር ይሙት አትጠይቋት። ምክርም አትስጧት፣ ጠግባለች። ከኋላዋ ተቀመጡና ጎንጉኑላት።