የባሬላው የኋላ እጀታ

ደብረ ማርቆስ ላይ ያ ሁሉ ፎቅ በማን ጉልበት ወጣ? በታየችና በማሬ ነዋ! ሁለቱ የይጁቤ ሴቶች ስድስት ዓመት ሙሉ ኮንክሪት በባሬላ አመላልሰዋል፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ ኋለኛዋ ላይ ስለሚወድቅ በየምልልሱ ይቀያየራሉ።

በ2007 መስከረም የታየች ቀኝ ጉልበት አልታዘዝ አለ። ፎርማኑን አበረን፣ የደረቀውን ኮንክሪት ውኃ ማጠጣት ላይ እንዲመድባት ለመነችው። ያ ርኅራኄ የሚሉት ነገር ያልፈጠረበት አፌዘባት። በሳምንቱ ግን ባምላኩ የሚባል ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣ፤ ጉልበት ላይ ታስሮ በየእርምጃው የሚያርፈውን ጫና የሚመዘግብ መሣሪያ ይዞ።

«እንግዲያው ማሽኑ ይናገር፤ ከበዛብሽ ውኃው ያንቺ ነው» አላት አበረ።

ባምላኩ ጉልበቷን በጣቱ ጫፍ፣ እበት እንደሚነካ ሰው እየተጠየፈ ጠራረገና መሣሪያውን በፕላስተር ለጠፈባት። የእናቱን እኩያ «አንቺ፣ እንደወትሮሽ ሥሪ» ይላታል። ኤዲያ! ታየች አንገሸገሻት፤ ግን ቻለችው።

ማሬ ግን የዚያን ቀን የኋላውን እጀታ አልለቅም አለች። ታየች «ልቀይርሽ» ስትላት «ዝም ብለሽ ውጪ!» ትላለች። ታየችም ጉልበቷ ስላረፈላት ዝም ብላ ወጣች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባምላኩ ኮምፒውተሩን አየና «ጫናው ከመጠን አላለፈም፤ ደህና ነሽ» አለ።

«ከኋላ የነበረችው እኮ እሷ ናት! እሷ ላይ እሰሩት!» አለች ታየች ወደ ማሬ እየጠቆመች።

«የተመዘገብሽው አንቺ ነሽ» አለ፣ እጁን በሶፍት እየጠረገ። አበረ ከት ብሎ ሳቀ።

ታየች ወደ ማሬ ዞራ «ምን ነክቶሽ ነው?» ብላ ጮኸችባት።

ማሬ አቀረቀረች። «ፈተና መስሎኝ ነው፣ እህቴ። ከወደቅሽ የሚያባርሩሽ መሰለኝ።»

ያ ሳቅና ያ ሶፍት ታየችን ቀፈፋት። ይበልጥ የቀፈፈቻት ግን ራሷ ናት፤ ክብደቱ የት እንዳረፈ እያወቀች ቀኑን ሙሉ ዝም ብላለቻ!

በማግስቱ ታየች ማሬን ደረጃው ሥር ተቀምጣ ያበጠ ጉልበቷን ስታሽ አገኘቻት። ቀድማት የኋላውን እጀታ ያዘች።

«ጫን!» አለ አበረ አካፋ የያዘውን ሰውዬ። «ጨምርበት እንጂ! ይቺ እኮ ማሽን የመሰከረላት ናት።»