ልብስ ሰፊው የቀጠራት ጨረቃ

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ የሚታወቀው «ነገ» በሚል ቅጽል ስም ነው። እጁስ ወርቅ ነው፤ ማንም አያማውም። ቀጠሮ ላይ ግን አይጣል ነው። ለሠርግ የተቆረጠ ሱሪ ለልጅ ልደት ደርሶ ያውቃል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ነገ» ይላል፤ ያውም ከልቡ።

አንድ ቀን የእጅጌ ቅርጽ ሊቆርጥበት በዘረጋው ጋዜጣ ላይ፣ በመጪው ሐሙስ ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጨረቃ እንደምትጋረድ አነበበ። መቀሱን አስቀመጠ። መርፌ የማይሰበርበት፣ መብራት የማይጠፋበት ቀጠሮ በዕድሜው ገና አሁን እጁ ገባ። ለደንበኛውም ለጎረቤቱም አፉን ሞልቶ ተናገረ። ሚስቱ ግን ሳቀችበት።

«ይቺ እንኳ ከሆነችልህ ሁለተኛ በቀጠሮ አልነዘንዝህም» አለችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የጨረቃ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቃሉ ጉዳይ ሆነ።

ሐሙስ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር ወንበሩን ይዞ ልብስ ሰፊው ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ለብሷል። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። ሁለት ተኩል ሆነ፤ ደመናው ጭራሽ ባሰበት። አንዱ ጎረቤት፣ ጨረቃዋንም ነገ ነይ ብሏት ይሆናል ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እያለ ወንበሩን አነሳ። ልብስ ሰፊው፣ ጥቂት ታገሱ፣ አሁን ይገልጣል ብሎ ለመናቸው። ይህንኑ ቃል ሱቁ ውስጥ ስለሚያውቁት ማንም አልቆየለትም። ሚስቱም ዕቃ ላጥብ ብላ ወረደች። ከእሱ ጋር የቀሩት ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ የጣላቸው አማቱ ብቻ ነበሩ። እኒህ ሴትዮ ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በደህና ዓይን አይተውት አያውቁም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደመናው እንደ አሮጌ ስፌት ተተረተረ። ጨረቃ ሙሉዋን ተጋርዳ፣ እንደ ዛገ ብረት ቀልታ ብቅ አለች። ሰውዬው ዕንባው መጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሚስቱን ተጣራ። እሷ እጇ ሳሙና እንደሆነ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ስትደርስ ደመናው ተመልሶ ገጥሟል።

«አሁን እኮ ነበረች» አላት።

ሚስቱ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ አይተሻል?»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ የእሱ ጩኸት እስኪቀሰቅሳቸው ድረስ ሲያንኮራፉ እንደነበሩ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«አይቻለሁ» አሉ አማቱ። «ልክ ባልሽ እንዳለው ነው።»

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ እሺ ከዛሬ ጀምሮ ቃሌ ቃል ነው ብላ ወረደች። እሱ አማቱን ደግፎ ከወንበራቸው አስነሳና በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ እውነት አይተዋታል?»

«ተኝቼ አልነበር እንዴ፣ ምኑን አየዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?»

«አንተ ታረፍዳለህ እንጂ አትዋሽም» አሉት። «ይልቅ ክንዴን ደህና አድርገህ ያዝ፤ ደረጃው አይታየኝም።»