የይማም ስፌት

ይማም ሲያንጎራጉር ጎማው ጤነኛ ነው፤ ዝም ሲል ታሟል። ይህን በመቐለ ሰሜን፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ከወሎ ከተሁለደሬ መጥቶ መጀመሪያ ሲሚንቶ ተሸከመ፣ ኋላ ጎሚስታ ሆነ፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመቱ። ኮምፕረሰሩ በቆርቆሮው ጥላ ስር ሲያጓራ እሱ የአገሩን ዜማ ከላይ ከላይ ይጎትታል። የተበሳ ከመነዳሪ ሲመጣለት ነፍቶ፣ ጉንጩን በምራቁ አርሶ ያስጠጋዋል፤ ቀጭኗ ትንፋሽ በየት እንደምትወጣ ቆዳው ይነግረዋል። በከበባው ጊዜ፣ ውሃ በጀሪካን ሲለመን የለመዳት ዘዴ ናት። ዛሬ በርሜሉ ሞልቶም አልተዋትም።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ኣረጋዊ ሚኒባሱን ከጥላው ፊት አቆመ። አሥራ አንድ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ውቅሮ ሊወጣ ሲል የፊት ቀኝ ጎማው ተንፍሶበታል። ክሪኩን ራሱ ሰቀለ፣ ብሎኖቹን ራሱ ፈታ፣ ጎማውን እያንከባለለ አምጥቶ ከይማም እግር ስር ጣለው። ምስማር ናት፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅብህም አለው።

ይማም ለኣረጋዊ እምቢ ብሎ አያውቅም። መንገድ ሁሉ ተዘግቶ፣ ይማም ከሚስቱ ከረሒማና ከሦስት ልጆቹ ጋር መሄጃ ባጣበት ክረምት፣ ኣረጋዊ ከቤቱ ማሽላ ግማሹን በማዳበሪያ አድርጎ በትከሻው ተሸክሞ በራቸው ላይ አውርዷል። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሲያወርድም፣ ሲሄድም፣ ቃል አልተናገረም።

ይማም ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ። ምስማሩን በጉጠት ነቀለ፣ ከመነዳሪውን አውጥቶ ነፋ፣ ጉንጩን አስጠጋ፣ አገኛት። ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ ለጠፈ። ይህን ሁሉ ሲሠራ ያንጎራጉር ነበር፦

መንገደኛው ልቤ ኮረብታ አያደክመው፣

የቀረው አንድ ነገር ነው። የምስማር ስባሪ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ብሎ እጁን ወደ ጎማው ሆድ ሰዶ ዙሪያውን መዳሰስ ጀመረ። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ጣቶቹ ቆሙ። ዜማውም ቆመ።

ኣረጋዊ ዝምታውን ሰምቶ ዞር አለ።

ይማም በጎማው ጎን ላይ የደረቀውን ጭቃ በመዳፉ ጠረገ። ከጭቃው ስር አንድ ስንዝር የሚሆን ስፌት ብቅ አለ። የራሱ ስፌት። በዚያ ክረምት፣ አዲስ ጎማ በሕልም እንኳ በማይታይበት ወቅት፣ ሁለት ቀን ተቀምጦ የሰፋው ነው፤ ክሩንም የመዘዘው ማሽላው ከመጣበት ማዳበሪያ ነበር። ከእጁ ከወጣው ሥራ ሁሉ እንደሱ የወደደው የለም። ኣረጋዊም ጎማውን ለክፉ ቀን፣ ያውም ለኋላ ብቻ ሊያስቀምጠው ቃል ሰጥቶት ነበር። አሁን ከውስጥ ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጥሰዋል፤ ጎኑ አብጧል፤ የጎማው ሽቦ ወጥቶ የይማምን ጣት ወጋው።

ከፊት ነው ያሰርከው? አለው። ኣረጋዊ ዓይኑን ወደ አስፋልቱ መለሰ። ደህናው ጎማ ባለፈው ሳምንት ፈንድቶበት፣ ይህን ለአንድ ቀን ብሎ አሰረው፤ አንዱ ቀን ስምንት ቀን ሆነ። እስካሁን ምን ሆነ? ምንም አልሆነም አለ።

ይማም ከመነዳሪውን ወደ ጎን አስቀመጠ።

ኣረጋዊ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓርከይ፣ ወዳጄ፣ ንፋልኝና ልሂድ። ለሚመጣው ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ክሩ የኔ ነው» አለ ይማም።

ከሚኒባሱ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ጎሚስታው ጎማ ይጠግናል ወይስ ያስታምማል ብሎ አንዱ አሾፈ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። ፀሐዩ ጣራውን እያጋለው ነው። ኣረጋዊ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ቆሟል። ከዚያ ያልተጠበቀውን ተናገረ፤ ለዓመታት ተናግሮት የማያውቀውን።

«ያኔ በረሃብ የሰፋ እጅህ፣ ዛሬ ጠግቦ ነው እምቢ የሚለኝ?»

ከፊት ወንበር አደይ አፀደ የሚባሉ እናት ሰሙት። በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ በቀስታ፣ «ኣየ ወደይ፣ ያበላህን ሰው እንዲህ በመንገድ ታቆመዋለህ?» አሉት።

ይማም ፊቱ ተለወጠ። ሰው የሚያፍርበት ቦታ አለው፤ የእሱ እዚያ ላይ ነበር። ነፍቶ መስጠት ቀላል ነው። ጎማው ሊደርስም ይችላል። ግን ወደ አጉላዕ የሚያወርደው ቁልቁለት በዓይኑ መጣ፤ አሥራ አንዱ ሰው፣ አደይ አፀደ፣ ከሁሉ በላይ መሪውን የያዘው፣ ማሽላ የተሸከመው ትከሻ።

ቢላውን አነሣ። ራሱ በሰፋው ስፌት ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበው።

ኣረጋዊ የብሎን መፍቻውን ጨብጦ በላዩ ቆመ። ይማም አልተነሣም፣ እጁንም ለመከላከል አላነሣም። የተቀደደውን ጎን በሁለት እጁ ከፍቶ ወደ ወዳጁ አዞረውና ጠበቀ።

ኣረጋዊ አጎንብሶ ጣቱን ሰደደ። ሲያወጣው የክሩ ብናኝ እንደ ጥላሸት ጣቱ ላይ ተጣብቋል። ጣቱን አየ። ዞሮ በመስኮቶቹ የተደረደሩትን ፊቶች አየ። መፍቻውን መሬት አስቀመጠና ለተሳፋሪዎቹ ውረዱ፣ ሌላ መኪና ላሳፍራችሁ አላቸው። አደይ አፀደ ሲወርዱ በተከፈተው ጎማ አጠገብ ቆም ብለው አማተቡ።

ኣረጋዊ ሰዎቹን አሳፍሮ፣ ሚኒባሱን በክሪክ እንደተሰቀለ ትቶ፣ ወደ ሮማናት አደባባይ በእግሩ ወረደ። ዞሮም አላየ።

ለይማም ሌላ ሁለት ጎማ መጣለት። ሠራ፤ ግን ሾፌሮቹ የገዛ ጎማቸውን በጥርጣሬ ደጋግመው አዩ፣ ምክንያቱም ጎሚስታው አላንጎራጎረም። ረሒማ ምሳ ይዛ መጥታ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ መለሳት።

የዐስር አዛን ካለቀ በኋላ ከታች፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ኣረጋዊ ታየ። አገልግሎት ላይ የዋለ፣ ጥርሱ ግን ያላለቀ ጎማ እያንከባለለ ነው። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ጎማውን አምጥቶ ይማም እግር ስር አቆመው።

«ዳስሰው» አለ።

ይማም ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አስገባ። ቀስ ብሎ ዞረ፤ ሩብ፣ ግማሽ። ኣረጋዊ ከጎኑ ተቀመጠ። እጁ ምንም ሳይወጋው መጀመሪያ ወደነካበት ቦታ ተመለሰ።

ከዚያ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ጠዋት ያቋረጠውን ጨረሰው፦

ያቺን ሰው ሳያገኝ ምን ዳገት ያቁመው።

ኣረጋዊ ተነሥቶ የብሎን መፍቻውን ፈለገ።