የኳስ ቀን መኮሮኒ በሶሴጅ

የባሌን ታላቅ ወንድም እጠላዋለሁ። ይህን አፌን ሞልቼ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ ጥላቻ ኃጢአት ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ "አይመቸኝም" እያልኩ አለሳልሼው ኖርኩ። አይመቸኝም የሚባለው ግን ጠባብ ጫማ ነው። እሱን እጠላዋለሁ።

እኔ የቡታጅራ ልጅ፣ መስቃን ነኝ፤ እዚያው አስተምራለሁ። ባሌ የወልቂጤ ልጅ፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድበት ትንሽ ወርክሾፕ አለው። ቤታችን ከወርክሾፑ ጀርባ ነው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ባሌን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። ይህን አልክድም። ልክድ ብፈልግም አያስክደኝም፤ አንድ ቀን እንኳ "እኔ ነኝ ያሳደግኩት" ሳይል ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ይህን ባለ ቁጥር ባሌ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አንገቱን ይደፋል።

ጠቡ የከረረው ትልቁን ቴሌቪዥን ከገዛን በኋላ ነው። ወንድምየው ወልቂጤ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፤ ኳስ ይወዳል፤ ከኳሱ ይበልጥ ደግሞ ሰው ሰብስቦ መታየት ይወዳል። ትልልቅ ጨዋታ ሲኖር በአገና በኩል መኪናውን እየነዳ ይመጣል። መጀመሪያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ከዚያ አምስት ሆኑ። ከዚያ የባሌን ጎረቤቶችና የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች ሁሉ በእኛ ስልክ፣ በእኛ ስም መጋበዝ ጀመረ። ቅዳሜ ይደውልና "ነገ ሰው አለ" ይላል። በቃ። ሰው አለ ማለት ክትፎ አለ ማለት ነው፤ ክትፎ አለ ማለት ደግሞ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ገና አንድ ጉርሻ እንደቀመሰ "መስቃኖች በርበሬ ታውቃላችሁ፤ ክትፎ ግን የሰባት ቤት ሴት ትሥራው" ብሎ ሰውን አሳቀብኝ። ባሌም ሳቀ።

ነገሩ በፈነዳባት እሁድ ባሌ የሚደግፈው ክለብ ወሳኝ ጨዋታ ነበረው። ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ።

"ሃያ ሰው እንሆናለን" አለኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኩት። በፊቱ "ጋሼ" እና "እርስዎ" እያልኩ ነበር የማናግረው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለባሌ "ለሃያ ሰው ሥጋ መግዛት አንችልም። መኮሮኒ በሶሴጅ ነው የምሠራው፣ በአንድ ድስት" አልኩት።

"ጋሼ ምን ይላል?"

"ጋሼ ጥርስ ካለው መኮሮኒ ይበላል።"

የሥጋ መወደድ አንደኛው ምክንያት ብቻ ነው። ከእኛ ጋር ኳስ ከሚያዩት ውስጥ ሙስሊሞች አሉ፤ ጎረቤታችን የሆነ የበርበሬ ነጋዴ፣ ከባሌ ጋር የሚሠሩ ሁለት በያጆች። ሁልጊዜ ክትፎው ሲቀርብ እነሱ ለስላሳ ይዘው ጥግ ይቀመጣሉ፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ አንዱ "ሱቅ ሰው አለኝ" ይላል። የኔ ቤት እንግዳ ሆኖ ለስላሳ ብቻ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው ያሳፍረኛል። ስለዚህ ገበያው አጠገብ ፍሪጅ ካለው ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ፣ ላስቲኩ ላይ ሐላል ተብሎ የተጻፈበትን የበሬ ሶሴጅ ገዛሁ። ስመለስ ነጋዴውን ጎረቤቴን በሩ ላይ አገኘሁትና አሳየሁት።

"ወላሂ እህቴ፣ ይህን ያህል አስበሽልን?" አለኝ። ከዚያ ላስቲኩን እየመለሰልኝ፣ "ለሌሎቹስ ነግረሻል?" አለኝ።

"ለማን?"

"ለእናንተ ሰዎች። እኛ እንደምንጠይቀው እነሱም ይጠይቃሉ እኮ።"

"የኛ ሰዎች ጸልየው ይበላሉ፤ ይህን አያዩም" አልኩት።

ውሸት ነበር። በቃል ሲጠየቅ ሁሉም "ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው" ይላል፤ ሳህኑ ፊቱ ሲቀርብ ግን ማን እንዳረደው የማይጠይቅ በአገራችን ጥቂት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

እሁድ ከአምልኮ እንደተመለስኩ ከእድር የተዋስኩትን ትልቅ ብረት ድስት ግቢ ውስጥ ከሰል ላይ ጣድኩ። ሶሴጁን እንደ ጣት ጫፍ አድርጌ ከትፌ በጥቂት ዘይት ጠበስኩት፤ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን አውጥቼ አስቀመጥኩ። በዚያው ዘይት ሽንኩርት አበዛሁ፣ እስኪሟሽሽ አቁላላሁ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ከጎረቤቴ የገዛሁትን በርበሬ፣ ቲማቲምና የቲማቲም ድልህ ጨመርኩ። ብዙ ሰው መኮሮኒውን ለብቻው ቀቅሎ ውሃውን ያጠልላል። እኔ አላጠልልም፤ ጣዕሙ አብሮ ይደፋል። ጥሬውን መኮሮኒ ቁሌቱ ላይ ጨመርኩና ሁለት ጣት እስኪያልፈው ድረስ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ከዚያ በኋላ ከድስቱ መራቅ የለም፤ ከሥር እየጠረጉ ማማሰል ነው፣ አለበለዚያ ይይዛል። መረቁን ሲጠጣ ሶሴጁን መለስኩበት፣ ቃሪያ ሰነጣጥቄ ጣልኩበት። ሸተተኝና ደስ አለኝ። ሰዎቹ ሁሉ ከአንድ ድስት ሲበሉ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ወንድምየው አፉ ተዘግቶ ሲቀመጥም ታየኝ፤ ይበልጥ ያስደሰተኝ ይሄኛው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ሰላም ሳይለኝ ቀጥታ ወደ ድስቱ ሄዶ ክዳኑን አነሳ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መኮሮኒ በሶሴጅ ነው ጋሼ።"

"ለልጆች ነው?"

"ለሁላችሁም ነው።"

"የጉራጌ ቤት እኮ ነው!" አለ፣ ከኋላው ያሉት እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ሰው ከወልቂጤ ድረስ መጥቶ ሹካ ሊጨብጥ?"

ድስቱን መልሼ ከደንኩት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ባዶ የሶሴጅ ላስቲክ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ አነበበው። ከዚያ ፈገግ ብሎ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። ገና ማንም አልበላም ነበር። ግን እልህ ያዘኝ፤ ብናገር ለእሱ የተሸነፍኩ መሰለኝና ተውኩት።

በእረፍት ሰዓት በየሳህኑ አድርጌ አቀረብኩ። ሰው በላ፤ ጸጥ ብሎ በላ። በያጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሲያላምጡ አየሁ። ነጋዴው ጎረቤቴ ቤተ ክርስቲያናችንን ከሚመሩት ከአንድ አዛውንት ጎን ተቀምጦ ስለ በረኛው እየተከራከሩ ነበር። አዛውንቱ ሳህናቸውን ዘርግተው "ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ" አሉኝ። ጨመርኩላቸው። ባሌም ይበላል። አንድ ሰው ብቻ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

"አባባ" አለ ወንድምየው፣ በለስላሳ ድምፅ። "የማን ሥጋ እንደሚበሉ ጠይቀዋል?"

"እንዴት?"

ላስቲኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላቸው። "የእስላም ሥጋ ነው። ለእነሱ ነግራቸዋለች፤ ለእናንተ ግን አልነገረችም።"

አዛውንቱ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ እውነት ነው?"

"የበሬ ሥጋ ነው አባባ።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም።"

"እውነት ነው" አልኩ።

ማንም አልጮኸም። ሳህኖቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ ተፋ፤ ድምፁ በመስኮት ተሰማን። ነጋዴው ጎረቤቴ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ መዋጥም መትፋትም አቃተው። ሳህኑን ይዞ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ባሌን አየሁት። እሱ ወንድሙን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ከወንበሩ ሥር ገፋው።

"ውጣ" አልኩት ወንድምየውን።

"ምን አልሽ?"

"ከቤቴ ውጣ አልኩህ።" በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" አልኩት።

"አንተ? እኔን?" ተነሳ። "የማን ቤት ነው? ያሳደግኩት ልጅ ቤት ነው!"

"ያሳደግከውን ልጅ ይዘህ ሂዳ!"

"አንቺ፣ ዝም በይ!" አለ ባሌ። የጮኸው በእኔ ላይ ነው።

ሄጄ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀልኩት። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነበር። ለሥጋው ዝም ያለው ሰው ሁሉ ለኳሱ ጮኸ። "ኧረ በፈጠረሽ!" "ስኪው በሏት!" እያሉ ተነሱ። ገመዱን በእጄ ጠቅልዬ ይዤ በሩን አሳየኋቸው። እያጉረመረሙ ጫማቸውን አድርገው ሰፈራችን ወዳለው ኳስ ማሳያ ቤት ሄዱ፤ ባሌም አብሯቸው ሄደ። ወንድምየው በመጨረሻ ወጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ "ይቺን ቀን ታገኚያታለሽ" አለኝ። "መንገዱ ሳይዘጋብህ ሂድ" አልኩት።

ነጋዴው ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እሱ እንኳ ከእኔ ጋር ነው ብዬ ነበር።

"ንገሪያቸው ብዬሽ ነበር" አለኝ።

"እሱ እኮ ነው—"

"እሱን አውቀዋለሁ። ከእሱ ምንም አልጠብቅም።" ጣቱን ወደ ድስቱ ቀሰረ። "ሰው የበላውን ሲተፋ ቁጭ ብዬ አየሁ። እኛን ለጠብሽ ማገዶ አደረግሽን።"

 ከድስቱ ግማሽ የሚሆነው ተርፎ ነበር። ገና ግቢ ውስጥ የነበሩትን በያጆች ይዘው እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ "እግዜር ይስጥልን" ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወጡ። መኮሮኒው ድስቱ ውስጥ ረግቶ እንደ ሸክላ ደረቀ። እየፈቀፈቅኩ አለቀስኩ፤ የንዴት ለቅሶ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት አዛውንቱ መጡ። ውሃ እንኳ አልጠጡም።

"ብትነግሪኝ ምናልባት እበላ ነበር" አሉኝ። "ምናልባትም አልበላም። ግን ምርጫው የኔ ነበር። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።"

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ከልቤ ነው። ነጋዴውንም ሱቁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። "አላህ ይቅር ይበለን" አለኝ፤ በርበሬውን እየመዘነ፣ ቀና ሳይል። አሁን ሰላም እንባባላለን። ኳስ ለማየት ግን እኛ ቤት ተመልሶ አልመጣም።

ከባሌ ጋር ሳምንት ያህል አልተነጋገርንም። በስምንተኛው ቀን "ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድሽው" አለኝ።

"ሳህንህን ከወንበር ሥር የገፋኸው ሥጋውን ጠልተህ ነው ወይስ እሱን ፈርተህ?" አልኩት።

ቁልፎቹን አንስቶ ወደ ወርክሾፑ ወጣ። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌዎች ወልቂጤ ጠሩን። ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ "ሳልነግራቸው ማብላቴ ጥፋት ነው፤ ያጠፋሁባቸውን ሰዎች ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሱ ደግሞ ጎረቤቶቼን ቤቴ ውስጥ ማዋረዱን ይመን" አልኩ።

"እኔ የተናገርኩት እውነት ነው" አለ። "እውነት ተናግሬ ይቅርታ አልጠይቅም።"

"እውነቱን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ነበር" አልኩት። "ሰው ሳይበላ ለምን አላወጣኸውም? እስኪጎርሱ ጠበቅክ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸው "እስቲ ተይው ልጄ፣ ታላቅ ነው" አሉኝ። ተነስቼ ወጣሁ፤ እምድብር የሚያደርስ ሚኒባስ ይዤ፣ ከዚያ ሌላ ቀይሬ፣ ብቻዬን ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ይሄው ሁለት ዓመት አለፈው። ወንድምየው ቡታጅራ ሲመጣ ወርክሾፑ በር ላይ ጡሩንባ ይነፋል፤ ባሌ ወጥቶ መኪና ውስጥ ያናግረዋል። ባለፈው መስቀል ባሌ ወልቂጤ ሊሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቶ በሩ ላይ ቆመና "ለጋሼ ምን ልበልልሽ?" አለኝ።

የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። ቀና ሳልል "ምንም" አልኩት። እሱም ሻንጣውን አንስቶ ሄደ።