«ከዚያ በፊት» እና የልብስ ሰፊዋ መቀስ

ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ «ከዚያ በፊት» ይሉታል። የታሪክ መምህር ነው። ክፍል ይገባል፣ ጠመኔውን ያነሳል፣ «ዛሬ ምዕራፍ አንድን እንጀምራለን!» ይላል። ተማሪው ደብተሩን ሲገልጥ «ከዚያ በፊት ግን...» ብሎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቂብ ይላል። በቃ፣ አለቀ! በወጣትነቱ ስለነዳት ሞተር ሳይክል፣ ስለ አክስቱ ጥርስ ሕመም፣ አንድ ጊዜ በአውቶብስ መስኮት ስላየው ሚኒስትር ስለሚመስል ሰው ሲያወራ ደወሉ ይደወላል። አንዷን ጠመኔ ከዓመት ዓመት የሚያደርስ መምህር እሱ ብቻ ነው።

ትዳር ላይም ያው ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ የተማሪውን ዩኒፎርም የምትሰፋ እጮኛ አለችው፤ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ። ቀለበት ካሰረላት ሰባት ዓመት ሆነው። «እንጋባ» ስትለው «እንጋባለን እንጂ! ከዚያ በፊት ግን ቤቱን ቀለም ልቀባ» አለ። ቀባ። «ከዚያ በፊት ዲግሪዬን ልያዝ» አለ። ዲግሪው ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ይወዳታል፤ ስትስቅ ካየ የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ግን መጀመር የሚባል ነገር ያስፈራዋል። ሻይ እንኳን ቀርቦለት ሲያማስል ሲያማስል ይቀዘቅዝበታል።

ዘንድሮ አፋጥጣ ያዘችው። ትምህርት በሚዘጋበት ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማዘጋጃ ቤት ሊፈራረሙ ቀን ተቆረጠ። ቀሚሷን ሰፋች፣ የሱን ሱፍ ከሆዱ ላይ አሰፋች።

ታዲያ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶት ነበር። ለመሄድ አንድ ሌሊት፣ ለመመለስ ሁለት ወር ፈጀ፤ ነፋሱ ኮሚቴ አላስፈለገውማ! ያን ጊዜ ሁሉ ተኝቶ የከረመው ትምህርት ቢሮ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባነነ። ዳይሬክተሩ መምህራኑን ሰብስቦ ጉሮሮውን እንደ ዜና አንባቢ ጠረገ።

«የባከነውን የትምህርት ጊዜ ለማካካስ ሲባል ካላንደሩ በስድስት ሳምንት ተራዝሟል። ቅዳሜም ይሠራል፣ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። መጽሐፉን ጨርሶ የፈተነ መምህር ብቻ ክፍሉን ዘግቶ ማረፍ ይችላል።»

መምህራኑ አጉረመረሙ። የ«ከዚያ በፊት» ፊት ግን በራ። ለዘንድሮ ሰበብ አጥቶ ሲጨነቅ፣ ቢሮው ራሱ አዘጋጅቶ፣ ማህተም መትቶ ሰጠው!

ያዘነ መስሎ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደ። «ምን ላድርግ የኔ ቆንጆ፣ የበላይ አካል ወሰነ። ሰርጋችን ተራዘመ።»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «መጽሐፉን የጨረሰ ይዘጋል አላሉም?»

«ማን ነገረሽ?»

«ዳይሬክተሩ ነዋ፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ።»

«መጽሐፉ እኮ ወፍራም ነው።»

«ግማሹ ሥዕል ነው። የት ደርሰሃል?»

ጎንበስ ብሎ መሬት የወደቀ ቁልፍ ይለቅም ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ደርሰሃል ነው የምልህ?»

«መግቢያው ላይ ነን።»

«ጣሪያው የወሰደው ሁለት ወር ነው። ሌላውን ማን ወሰደው? እሱንም ነፋስ?» ቀለበቷን አውልቃ መርፌዎቹ መሃል አስቀመጠችው። «ያ ቅዳሜ ካለፈ መጥተህ ቀለበትህን ትወስዳለህ።»

ሲቆጡት ማግባባት ያውቅበታል፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባቷን ቀጠለች። ያን ጊዜ የምሯን እንደሆነ ገባው።

በማግስቱ ወገቡን አስሮ ክፍል ገባ። «ዛሬ ምዕራፍ አንድ!» አለ። አፉ ግን የለመደውን አይለቅም። «ከዚያ በፊት ግን...»

ቀጭ!

ዞር ቢል፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ልብስ ሰፊዋ እግሯን አነባብራ፣ ጉርድ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መቀሷን ወደ ላይ ይዛለች። ወላጆች ትምህርቱን ቁጭ ብለው ቢታዘቡ ይበረታታል ይላል ደንቡ። ዳይሬክተሩ «አንቺ የማን ወላጅ ነሽ?» ቢላት «የመምህሩ» ብላ ነው የገባችው።

«ቲቸር፣ የሞተር ሳይክሏን ይጨርሱልን እንጂ!» አለ አንዱ ነገረኛ ተማሪ።

ቀጭ!

«ሞተር ሳይክሏ... ተሸጠች» አለና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ወዲያማ በየቀኑ እንደዚያው። አክስቱ ብቅ ስትል ቀጭ! ሚኒስትሩ ሰውዬ ሲመጣ ቀጭ ቀጭ! ጠመኔዋ አልቃ ሌላ ሊጠይቅ ቢሄድ የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ «ለማን ነው?» ብላ አላምን አለች። ምዕራፍ አምስት ላይ ሲደርስ ራሱም ገረመው፤ ለካ መጽሐፉ መጨረሻ አለው! ጭራሽ አንድ ቀን ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ «ከዚያስ?» ብለው ቁጭ አሉ። እሷም መቀሷን ረስታ ታዳምጥ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እያፏጨ ነው አሉ።

አርብ ዕለት ፈተናውን ሰብስቦ ሲወጣ፣ የቢሮው ኃላፊ በመኪና ከተፍ አለ።

«ጎበዝ! ካላንደሩን ማራዘማችን ፍሬ አፍርቷል!»

ካላንደሩ ገና መራዘም አልጀመረም። የሚራዘመው ከሰኞ ነው። ማን ደፍሮ ይንገረው?

«ነገ ቅዳሜ ጠዋት ለመምህራን ሁሉ ልምድህን ታካፍላለህ። አዳራሹ ተይዟል፣ የበላይ አካል ይገኛል!»

ወይ ጉድ! ሰበብ ለሁለተኛ ጊዜ በእግሯ መጣችለት፣ ያውም በመንግሥት መኪና። ዘወር ብሎ አየ። ልብስ ሰፊዋ የለችም፤ ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳለች። መቀስ የለም። የሚሸሽበት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከዚያ በር ባሻገር ደግሞ ቀለበቷ መርፌ መሃል ቁጭ ብላ ታየችው።

«እሺ ጌታዬ» አለ፣ «ከዚያ በፊት ግን የማገባት ሴት አለች። ነገ አልመጣም።»

ኃላፊው እሺን ብቻ ሰምቶ የመኪናውን በር ዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት፣ አፈራራሚዋ ሹም «ይህችን ሴት ለማግባት...» ብላ ሳትጨርስ «አዎ!» አለ። ሹሟ ደነገጠች። ሙሽሪት መቀሷን ልታወጣ ከፈት ያደረገችውን ቦርሳ መልሳ ዘጋችው።

በዚያው ሰዓት የከተማው መምህራን በሙሉ አዳራሽ ተቀምጠው፣ የባከነ ጊዜ እንዴት እንደሚካካስ የሚያስተምራቸውን ሰው እስከ ምሳ ድረስ ጠበቁ። ቢሮው የባከነውን የሥልጠና ጊዜ ለማካካስ በቀጣዩ ቅዳሜ ድጋሚ ጠርቷቸዋል።